ድምፅ እያሰማ ምላጩ የማይንቀሳቀስ ቶንዶስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በተለምዶ ቶንዶስ የምንለው የፀጉር መቁረጫ ማሽን ምላጩ አልንቀሳቀስ ባለ ጊዜ ሳይመረመር ሲጣል ማየት ያሳዝነኛልና ይህን ለአንባቢያን መጻፍ ፈለግሁ።

በመጀመሪያ ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ ብሎኖቹን ፈትቶ ሁለቱንም ምላጮች ማውጣት፣ ከዚያም ያለ ምላጭ ለአፍታ ማብራት ይገባል፤ ምላጩን የሚገፋው ትንሽ የፕላስቲክ ክፍል ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ ሞተሩ ደህና ስለሆነ ጥፋቱን ከምላጮቹ መፈለግ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚይዛቸው በመካከላቸው የተጠቀጠቀ ፀጉርና የደረቀ ዘይት በመሆኑ፣ በብሩሽ ጠርጎ 1 ወይም 2 ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ማድረግ ይበቃል፤ የምግብ ዘይት ግን ውሎ አድሮ ስለሚያጣብቅ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። ከመጠን በላይ የጠበቀ ብሎንም ምላጩን ያስረዋል።

መልሶ ሲገጠም የተንቀሳቃሹ ምላጭ ጥርሶች ከቋሚው ጥርሶች በጥቂቱ ወደ ኋላ መቅረት አለባቸው፤ ካለፉ ቆዳ ይቆርጣሉና ይህን ማንም ችላ እንዳይል አደራ እላለሁ።

ሞተሩ እየጮኸ ያ የፕላስቲክ ክፍል ካልተንቀሳቀሰ፣ ተሰብሯል ወይም ተበልቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ጨርሶ ድምፅ ከሌለ ደግሞ ገመዱን፣ ማብሪያውንና ባትሪውን ማየት ያስፈልጋል። አምራቾች ይህን ጥቃቅን መለዋወጫ ለብቻው ቢያቀርቡ ብዙ ማሽን ከመጣል ይተርፍ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ