ጉድጓዱ ሳይደፈን ቧንቧችን ይመዝገብ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንም ካዛንቺስንም ቆፍሯል። ስለ መንገዱና ስለ መብራቱ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዋናው መስመር ተነስታ በቆጣሪ በኩል ወደየጓዳችን የምትገባው ቀጭን ቧንቧ ናት። ከምን እንደተሠራች የት ተጽፏል?

አሜሪካኖቹ በዚህ ጉዳይ ብዙ ዋጋ ከፍለዋል። እዚያ ቤትን ከዋናው መስመር የሚያገናኙት አሮጌ ቧንቧዎች ብዙዎቹ እርሳስ ከሚባለው መርዛማ ማዕድን የተሠሩ ናቸው፤ በ2024 ወደ 9 ሚሊዮን ይገመቱ ነበር። በ2014 ፍሊንት የምትባለው ከተማ የውሃ ምንጯን ስትቀይር ዝገት መከላከያውን ሳትጨምር ቀረች፣ ውሃው ቧንቧውን በላው፣ እርሳሱም ሕፃናት ደም ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ እየጠበቀ መጥቶ በጥቅምት 2024 የወጣው ደንብ የውሃ ድርጅቶች የእርሳስ ቧንቧዎችን በ10 ዓመት ውስጥ እንዲቀይሩ ያዛል፤ እርምጃ የሚያስወስደውንም መጠን በሊትር ከ15 ወደ 10 ማይክሮግራም አውርዶታል። (ሁሉም ዓመት በፈረንጅ ነው።)

እኔ ግን የወደድኩት ከመቀየሩ በፊት ያለውን ሥራ ነው። እያንዳንዱ ድርጅት የየቤቱን መስመር መመዝገብ አለበት። ካላወቀም "ያልታወቀ" ብሎ ይጽፋል፣ ለነዋሪውም ይነግራል። ሌላው፣ ግማሹን ቀይሮ ግማሹን መተው በመርህ ደረጃ አይፈቀድም። አሮጌው ሲቆረጥና ሲነቃነቅ እርሳስ ሊለቅ ይችላላ!

እኛ ጋ የሚሠራው ግን ይኸው ግማሽ ሥራ ነው። ግቢያችን ውስጥ አሮጌው የብረት ቧንቧ ሲቆረጥ አይቻለሁ፤ ውስጡ በዝገት ተደፍኖ ትንሿ ጣት እንኳ አታልፍም። ቧንቧ ሠራተኛው ከቆጣሪው እስከ በሩ ያለውን በፕላስቲክ ቀየረና አዲሱን ከዛገው ጋር ገጠመው። መቼ የተቀበረ እንደሆነ ስጠይቀው "እኔ ምን አውቄ፣ መሬት ውስጥ ያገኘሁት ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ የጻፈለት የለም።

እርሳስ የሚመጣው ከእርሳስ ቧንቧ ብቻም አይደለም። ከነሐስ መገጣጠሚያና ከብየዳም ሊወጣ ይችላል። ውሃ ቧንቧ ውስጥ በቆየ ቁጥር ደግሞ መጠኑ ይጨምራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ምክንያቱም ሌሊት ሲመጣ ሁላችንም መጀመሪያ የምንቀዳው ያንኑ ሲያድር የከረመውን ውሃ ነው። እባካችሁ ያንን ለዕቃና ለመሬት ማጠቢያ አድርጉት። ማፍላትም ለጀርም እንጂ ለእርሳስ አይሆንም። እርሳስ አይተንም፤ ውሃው ሲቀንስ እሱ እዚያው ይቀራል። ሽታም ጣዕምም የለውም። የሕፃን ወተት የምትበጠብጥ እናት በምን ታውቀዋለች?

አገራችን ቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ የሚገድብ ደንብ አላት። ለቧንቧውም እንዲሁ ይታሰብበት። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን መሬቱ በተከፈተበት ሁሉ የቧንቧውን ዓይነት አይቶ በደንበኛው ፋይል ላይ ይጻፍ፤ ብረት፣ ፕላስቲክ፣ እርሳስ ወይም ያልታወቀ። አሮጌው መስመር ሲቀየርም ከዋናው እስከ ቤት ድረስ ሙሉውን ይቀየር፣ ከቆጣሪ ወዲህ ያለው የደንበኛው ነው ተብሎ አይተው። አቅም ለሌለው ደግሞ ወጪው በየወሩ ከውሃ ሂሳቡ ጋር ተከፋፍሎ ይከፈል።

የአራዳ ነዋሪ