ለአባቴ፣ ስለ ሰጎኗ

ለተወደዱ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ከየት እንዳመለጠች ያልታወቀች ሰጎን መናገሻ ካለው የድንች ማሳዎ ገብታ እንዳገኟትና እስካሁንም እየቀለቧት መሆኑን የነገረኝ የጎረቤትዎ ልጅ ነው። ከእርስዎ አፍ ብሰማው ይሻለኝ ነበር። ጉልበትዎንም የጠየቅኩት እሱን ነው፤ «ደህና ናቸው» ሲለኝ፣ እንዲህ በላት ብለው እንዳዘዙት ከድምፁ ገብቶኛል።

እባክዎ ዳቦና የእንጀራ ፍርፋሪ መስጠቱን ይተዉት። ሰጎን በተፈጥሮዋ ሣርና ቅጠል በሊታ ስለሆነች አልፋልፋና የተከተፈ ጎመን፣ ከዚያም ጥቂት በቆሎ ቢያገኙላት ይበቃታል፤ ንጹሕ ውኃም አይጉደልባት። ጥርስ ስለሌላት እህሉን በሆዷ የምትፈጨው ጠጠር እየዋጠች ነው፤ ታዲያ ይኸው ልማዷ ሚስማርም፣ ሽቦም፣ ቆርኪም ያስውጣታልና ከጣሪያው እድሳት የተረፈውን ቁርጥራጭ ከግቢው ያስለቅሙ። ሌሎች ወፎች ላባቸውን የሚቀቡት ቅባት እርሷ ስለሌላት ዝናቡ እስከ ቆዳዋ ይዘልቃል፤ የቆላ ፍጥረት ለሆነች ወፍ የመናገሻ ብርድ ቀላል አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን እግሯ ነው። ሰጎን የምትራገጠው ወደ ፊት ነው፤ የትልቁ ጣቷ ጥፍር ሆድ ይቀዳል፤ ያደገችውም ከ100 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። በከዘራ የሚሄድ ሰው ከእርሷ ጋር አንድ አጥር ውስጥ መግባት የለበትም። ከአጥሩ ውጭ ሆነው ይወርውሩላት።

ልጆቹ ወሬዋን ከሰሙ ወዲህ ሌላ ጨዋታ የላቸውም፤ ታናሽየው አያቴ ይጋልባታል ወይ እያለ ይጠይቃል።

የእህል ጎተራውን አስለቅቀው መኝታ እንዳደረጉላት ሰማሁ። እናቴ ያረፈች ጊዜ ለአክስቴ ሰጥተው ደሴ ሲልኩኝ «ቤቱ ለልጅ አይመችም» ብለው ነበር። ቤቱ ያው ነው፣ ጎተራውም ያው ነው። ልጅ ሳለሁ በቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ላይ ያለውን የሰጎን እንቁላል እያሳዩኝ፣ ሰጎን ዓይኗን ሳትነቅል እያየች ትፈለፍለዋለች ይሉኝ ነበር። ሰሞኑን ስለ አመጋገቧ ሳነብ እንደ ሌሎቹ ወፎች ተቀምጠው እንደሚታቀፉት፣ ቀን እናትየው ሌሊት ደግሞ አባትየው እንደሚተኛበት አየሁ። ሌሊት የሚለው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። አሳድገው ለወግ ለማዕረግ እንድበቃ የከፈሉትን አልረሳሁም፤ ይህንንም ግን አልረሳሁም።

ሰጎኗን ለዘለቄታው እርስዎ ሊይዟት አይቻልም። ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን እደውላለሁ፤ ከእርስዎ ብዙም ሳይርቅ በሆለታ በኩል ያለውና ቦርን ፍሪ የተባለው የእንስሳት ደኅንነት ድርጅት የሚያስተዳድረው እንስሳ ኮቴ የተባለው መጠለያም ከሕገወጥ ነጋዴዎች የተነጠቁ አንበሶችንና አቦሸማኔዎችን የሚያስጠልል ስለሆነ ምክር አያጣም። እስኪመጡ ድረስ ማንም በገመድ እንዳያስራት፤ ደንግጣ ስትፈራገጥ እግሯ ከተሰበረ ማዳን ይከብዳል።

እኔም በመጪው ቅዳሜ እመጣለሁ። ሰበቡ ሰጎኗ ትሁን እንጂ የምመጣው እርስዎን ወደ እኛ ቤት ይዤ ለመመለስ ነው። የፊት ለፊቱን ክፍል አዘጋጅተነዋል፤ ደረጃ የለውም። እምቢታዎን አስቀድመው ለጎረቤትዎ ልጅ እንዳይልኩብኝ፤ ለእኔ ለራሴ ይንገሩኝ።

ልጅዎ