ኢንቨርተሩን ስታመጡ መኪናውንም ይዛችሁ ኑ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንዴት ሰነበታችሁ? ገናና ጥምቀት ደረሱ። ጎንደር በእንግዳ ልትጥለቀለቅ ነው። እናንተም ማደሪያ የሠራችሁላቸውን ሚኒባሶችና ላንድክሩዘሮች ለሰሜን ተራሮች ጉዞ እያሰናዳችሁ ነው። ጠረጴዛችን ላይ የተደረደረው ኢንቨርተር (የመኪና ባትሪን ኃይል እንደ ቤት መብራት ወደ 220 ቮልት የሚለውጠው ዕቃ) ይህንኑ ይነግረናል።

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በአንድ ቅሬታ ምክንያት ነው። «የተበላሸው ኢንቨርተሩ፤ እናንተ መኪናውን አምጣ የምትሉኝ ለምንድን ነው?» የሚል። አንዳንዶቻችሁ ሥራ ለማብዛት የፈጠርነው ዘዴ መስሏችኋል። አንፈርድባችሁም። መኪና ማቆም የቀን ገቢ ማጣት ነው።

ነገሩ የጀመረው ግን በራሳችን ስህተት ነው። አንድ ደንበኛችን ከደባርቅ ባለ 1000 ዋት ኢንቨርተር ላከልን። «ይጮህና ይጠፋል» አለን። ሱቅ ውስጥ ካለው ባትሪ ጋር አሰርነው፣ አምፖልና ምድጃ ሰካንበት፣ ሠራ። ደህና ነው ብለን መለስንለት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። አሁንም ጠረጴዛችን ላይ ሠራ፤ አሁንም መለስነው። በሦስተኛው ሰውየው ራሱ መጣ፣ ፊቱን አጥቁሮ። ያኔ ነው ወደ መኪናው የወጣነው።

ኢንቨርተሩ ከኋላ አልጋው ሥር ተቀምጧል። ባትሪው ከፊት ሞተሩ ጋ ነው። መሀል ላይ 5 ሜትር ያህል ገመድ አለ። ገመዱ ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ነበር። 500 ዋት የምትስብ ትንሽ ምድጃ አስነሳንና ገመዱን በእጃችን ያዝነው። ሞቀ። ትንሽ ቆይቶ ላስቲኩ መሽተት ጀመረ። ቴስተሩ ባትሪው ላይ ከ12 ቮልት በላይ ያነባል፤ ኢንቨርተሩ ጋ ስናስጠጋው ከ10 በታች ወርዷል። ኢንቨርተሩ ጮኸና ጠፋ። ምስኪኑ ዕቃ የተሠራለትን ሥራ ነው የሠራው፤ ባትሪው ያለቀ መስሎት ራሱን አጠፋ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ? እኛ ሁለት ጊዜ ስናክም የነበረው ጤነኛውን ነው። የሰውየውን የመመላለሻ ወጪ እኛው ሸፈንን።

ቤት ውስጥ ያለችግር የሚሠራ ገመድ መኪና ውስጥ ለምን ይነድዳል? 500 ዋት በ220 ቮልት ሲሆን ከ2 አምፔር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ያው 500 ዋት በ12 ቮልት ሲሆን 42 አምፔር ይሆናል፤ ኢንቨርተሩ በሙቀት የሚያባክነው ሲጨመር ወደ 46 ይጠጋል። ባለ 1000 ሙሉ ኃይሉን ከሰጠ ደግሞ 100 አምፔር አካባቢ ይስባል። ስለዚህ ለ1000 ዋት ባለ 35 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ እናስገባለን፤ እሱም አጭር ሲሆን። ርቀቱን በ220ው በኩል አድርጉት። ኢንቨርተሩ ባትሪው አጠገብ ይሁን፣ ወደ አልጋው የሚሄደው ሶኬት ይርዘም። ብቻ ሁለቱን አንድ ዝግ ሣጥን ውስጥ አትክተቷቸው። አሲድ ያለው ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚያወጣው ጋዝ እሳት ይይዛል፤ ኢንቨርተር ደግሞ ብልጭታ አያጣውም።

ፊውዝ ባትሪው አፍ ላይ፣ ከፖዘቲቩ አንድ ስንዝር ሳይርቅ መግባት አለበት። ብዙ ሰው ፊውዝ ኢንቨርተሩን የሚጠብቅ ይመስለዋል። የሚጠብቀው ገመዱን ነው። መንገዱ ሲያንገጫግጭ ገመዱ ከብረት ጋር ተፋጭቶ ኮንታክት ካደረገ፣ ፊውዝ ከሌለ መኪናው ነው የሚቃጠለው። በፊውዝ ቦታ ምስማር የገባበት መኪና አይተናል። ባለቤቱ ሳቀ፤ እኛ አልሳቅንም።

የኢሱዙ ባለቤቶች ደግሞ ይህችን ልብ በሉ። የጭነት ኢሱዙ አብዛኛውን ጊዜ 24 ቮልት ነው። ባለ 12 ኢንቨርተር በ24 ላይ ስትሰኩበት ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዕድል አይሰጣችሁም። «ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ ልሳብ» የሚለው ብልሃትም አያዋጣም። አንዱ ባትሪ ይደክማል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ በዓመቱ ሁለቱንም ትቀይራላችሁ።

ኢንቨርተሩ ላይ «2000 ዋት» ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑት። በርካሾቹ ላይ የሚጻፈው ለቅጽበት ብቻ የሚሸከመው ነው፤ ሳይቋረጥ የሚችለው ብዙውን ጊዜ ግማሹን ነው። ፍሪጅ ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል። ለዚህ ነው 80 ዋት የሚል ፍሪጅ ባለ 300 ኢንቨርተር ላይ እምቢ የሚለው። የእንጀራ ምጣድስ ለምትሉ (ጠይቃችሁናል!)፣ ከ3000 ዋት በላይ ነው የሚበላው። እሱን ለቤት ተዉት። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ትንሹ ኢንቨርተር ለስልክና ለላፕቶፕ ነው፤ ከ150 ዋት ካለፋችሁ የመኪናውን ፊውዝ ትበላላችሁ።

ባትሪውን በልክ እንነጋገርበት። 100 አምፔር-አወር ያለው የአሲድ ባትሪ በወረቀት 1200 ዋት-አወር ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች አታውርዱት፤ 600 ቀረ። ኢንቨርተሩ የድርሻውን ሲወስድ 540 ገደማ። ይህ 60 ዋት የሚስብ ላፕቶፕ 9 ሰዓት ያህል ያሠራል። 1000 ዋት ምድጃን ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ ላይደፍን ይችላል፤ የአሲድ ባትሪ በኃይል ሲሳብ ቶሎ ይደክማል። ቡናውን በቡታጋዝ አፍሉት። ምንም ሳይሰካበት በርቶ የሚያድር ኢንቨርተርም ራሱ ይበላል፤ ስትተኙ አጥፉት። የሞተሩን ማስነሻ ባትሪ ለማታ መብራት አትጠቀሙበት፤ ለማደሪያው የራሱ ባትሪ ይኑረው። ሰሜን ተራሮች ውስጥ ጨነቅ ላይ፣ ከ3500 ሜትር በላይ፣ በጠዋቱ ብርድ መኪና የገፋ ሰው ይህን ደግመን ልንነግረው አያሻም።

ከፍታው ኢንቨርተሩንም ይነካዋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው የፈለገውን ያህል ቢዞር እንደ ታች አያቀዘቅዝም። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር ያለው አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ይታፈናል። በየጉዞው መልስ ማራገቢያውን በብሩሽ ጥረጉት። ብርድ ልብስ አትከምሩበት። ሌሊት ብርድ ሲመታው ያደረ ዕቃም ሞቅ ያለ መኪና ውስጥ ሲገባ ላብ ያወጣል፤ ሳይደርቅ አታብሩት።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርጉ። ሎጅ ስታድሩ የሎጁን መብራት መኪናው ሶኬት ላይ ስትሰኩ ኢንቨርተሩ በርቶ ከሆነ፣ ሁለቱ 220ዎች ይጋጫሉ። «ጧ» ይላል፣ አበቃ። ከሚመጡልን በጣም ከተቃጠሉት መካከል የዚህ ዓይነቶቹ ይገኙበታል። ወይ አንዱን ብቻ የሚያሳልፍ ማዛወሪያ እናስገባላችሁ፣ ወይ ኢንቨርተሩን አጥፍታችሁ፣ ገመዱንም ነቅላችሁ ስኩ።

ቤታችሁም በካቻቢቴ አትክፈቱት። ከባትሪ ከተለያየ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

እኛ ጋ ሲመጣ የምናደርገው ይህ ነው። መጀመሪያ ገመዱን፣ ፊውዙንና መያዣ ቡሎኖቹን እናያለን። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ስንት ቮልት እንደሚሰጥ እንለካለን። ከዚያ ነው ኢንቨርተሩ የሚከፈተው። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገላብጦ ከታሰረ ውስጥ ያሉት ፊውዞች ይበጠሳሉ፤ ይህ ዕድለኛው ነው። ሞስፌት የሚባሉት ትንንሽ ማብሪያዎች ከተቃጠሉ አንዱን ብቻ አንቀይርም። ሸክሙን ተካፍለው ስለሚሸከሙ በረድፉ ያሉትን ሁሉ እንቀይራለን። ሒሳቡ ከጠበቃችሁት በላይ የሚሆነው በዚህ ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ ቀናት ይወስዳል። ቦርዱ ከከሰለ ግን «ሌላ ግዙ» እንላችኋለን፤ የምርመራም አንጠይቅም። ስትገዙ «ፒዩር ሳይን» የሚለውን (እንደ ቤት መብራት ንጹህ ሞገድ የሚሰጠውን) ምረጡ። ዋጋው ይወደዳል፤ ግን ፍሪጅና ማራገቢያ በርካሹ ላይ ያጉረመርማሉ፣ ይሞቃሉ።

ከአሁን በኋላ ለጠገንነው ኢንቨርተር የ3 ወር ዋስትና የምንሰጠው መኪናው ላይ ያለውን ገመድ አይተን ካለፍነው ብቻ ነው። መኪናውን ማምጣት የማትችሉ፣ ገመዱንና ፊውዙን ነቅላችሁ ከነኢንቨርተሩ ላኩ፣ የባትሪውንና የገመዱን መንገድ የሚያሳይ ፎቶም ጨምሩ። ዋስትና ባይኖረውም ከምንገምት ይሻላል።

ጠዋት በ2 ሰዓት እንከፍታለን። ለጥምቀት የምትወጡ ከገና በፊት ብትመጡ ይሻላል፤ ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ዝግ ነን፣ እኛም ታቦት እንሸኛለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የኢንቨርተርና የባትሪ ጥገና ሱቃችሁ፣ ጎንደር