ማስታወቂያው ደሴ ሲደርስ ቀኑ አልፏል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላም ናችሁ? እኔ የደሴ ሰው ነኝ። ባለፈው የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጥታ "አጎቴ ይሄን እየው" አለችኝ፣ ሳየው የተማሪ ጥሪ ማስታወቂያ ነው፣ ያወጡት ዩናይትድ ወርልድ ኮሌጅስ የሚባሉት፣ የየአገሩን ልጆች አብረው የሚያስተምሩ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ናቸው፣ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1962 ዌልስ ውስጥ አንድ የድሮ ግንብ ውስጥ የተከፈተ፣ ያኔ ቀዝቃዛው ጦርነት ነበርና የየአገሩ ልጆች አብረው ቢኖሩ ጠላትነቱ ይቀንሳል ተብሎ ነው አሉ። አሁን 18 ደርሰዋል፣ ታንዛኒያ እንኳን ሞሺና አሩሻ ላይ አለ። ኢስዋቲኒ (የድሮዋ ስዋዚላንድ) ያለው ዋተርፎርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 በጎረቤት ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ዘመን ጥቁርና ነጭ አብሮ እንዲማር የተከፈተ ነው፣ የማንዴላ ልጆች ዜናኒና ዚንድዚ የተማሩት እዛ ነው። ሁለት ዓመት አይቢ ዲፕሎማ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ይማራሉ፣ ስኮላርሺፕም አለ።

ልጅቷ ታዲያ "ሳመለክት ከሌላ ባህል ሰው ጋር ስለመኖር ጻፊ ቢሉኝ ምን እላለሁ?" አትለኝም! ኧረ አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ስትዳር ሁለት በሬ አይደል እንዴ የታረደው፣ አንዱን ሼኩ አንዱን ክርስቲያኑ ጎረቤት ባርኮ፣ ድስቱ ለየብቻ ድንኳኑ ግን አንድ፣ እሱን ጻፊ አልኳት። (ወሎ ይሄ ብርቅ ነው እንዴ?)

ችግሩ ማስታወቂያው በቴሌግራም ፎርዋርድ ሲደረግ ሲደረግ እኛ ጋ ሲደርስ ዴድላይኑ አልፏል፣ ኮምቦልቻ ያሉ ዘመዶቻችን ጭራሽ አልሰሙም። እናንተ እንዲህ ያለውን ቀደም ብላችሁ በአማርኛ ብታወጡልን ምናለ? እሷ እንደሆነ ለከርሞ ዕድሜዬ ያልፍ ይሆን እያለች ጣቷን እየቆጠረች ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ