መላጊያ ለሃያ ሰው

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጅማ ሂርማታ አካባቢ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ደቡብ ሱዳናዊ ስደተኛ ወጣት ሥራ ፍለጋ መጣ። የአናጺነት ሰርተፍኬቱን በፕላስቲክ ሸፍኖ ይዞታል። መላጊያ ሰጠሁት፤ የእንጨቱን አቅጣጫ ሳያይ ገፋውና ቆንጆውን ዋንዛ ቦጫጨቀው። "ሥልጠናው ሦስት ሳምንት ነው፣ ጋሼ፤ መላጊያው ደግሞ ለሃያ ሰው አንድ" አለኝ። አንጀቴን በላው።

ዛሬ ባለሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ጠርቦ ያወጣል። ግን ስምንት ወር ፈጅቶበታል፣ ያውም በየቀኑ እየሠራ።

አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ሠርቶ እንዲያድር መንገድ ከፍቷል፣ ጥሩ ነው። ለስደተኞች ሥልጠና የሚሰጡ ግን ለሪፖርት ብለው ሰው ባይቆጥሩ ደስ ይለኛል። ጊዜውን ያርዝሙት፣ ልጆቹን እንደኔ ያለ ባለሙያ ጋር ያስጠጓቸው፣ ሲጨርሱም መጋዝና መላጊያ ይስጧቸው። የሰፈራችን ሥራ አጥ ወጣቶችም አብረው ይሠልጥኑ፤ አለበለዚያ "ለመጤ ብቻ" የሚል ቅሬታ ይነሳል፣ እሱን ደግሞ ማብረድ ከባድ ነው። እኔ ጋ ያሉት የጅማ ልጆች መጀመሪያ አኩርፈውት ነበር። አሁን ምሳ ከአንድ ትሪ ይበላሉ፣ እሱም ኦሮምኛ ይቀላቅላል።

በመስከረም 2011 አዲስ አበባ ላይ የደቡብ ሱዳን መሪዎች የሰላም ስምምነት ፈርመዋል። ልጁ ግን የሚያወራው ስለ እናቱ ቤት በር ነው። ተቃጥሏል። ሲመለስ በገዛ እጁ ሊሠራው ልኩን ግድግዳዬ ላይ በእርሳስ ጽፎታል።

አናጺው፣ ከጅማ