በ12ኛ ክፍል ዘጋቢ ፊልሞች ውስጥ የሚዋሸው ካላንደሩ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የመጨረሻ ዓመት በሚሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች ላይ በመዝናኛ ገጻችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበናል። የጸሐፊው ክስ ባጭሩ «ልጆቹ ካሜራ ፊት ይተውናሉ፤ ስለዚህ የምናየው ድራማ ነው» የሚል ነው። ጥሬ ቀረፃ ቆርጦ መቀጠል የዕለት ሥራችን ስለሆነ፣ ክሱ የተሳሳተ ሰው ላይ የወደቀ ይመስለናል። ተመልካች ልጁን ሲጠረጥር ካላንደሩን፣ ማለትም ፊልሙ የትምህርት ዘመኑን ያሳጠረበትንና ቀኖቹን ያዛወረበትን መንገድ፣ ሳይፈትሽ ያልፋል።

መቼም የ17 ዓመት ልጅ ካሜራ ባይኖርም ለጓደኞቹ መተወኑ አይቀርም። ገመድ አልባው ማይክ ሸሚዙ ላይ ሲሰካ የሚጨመረው አንድ ተጨማሪ ተመልካች ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀረፃ ብዙውን ጊዜ አይረባም፦ ልጁ ሌንሱን ያያል፣ ይሳሳቃል፣ ድምፁን ያጎረንናል። ያ ክፍል ይጣላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ችግር ግን ረቀቅ ያለ ነው። ልጁ ቀራጮቹ ምን እንደሚወዱ ይማራል። ተራ ቀን ሲሆን ካሜራማኑ መሣሪያውን ሲሰበስብ፣ ጠብ ሲነሳ ደግሞ ሲሮጥ አይቷል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ራሱ ደውሎ «ዛሬ ከእሷ ጋር ልለያይ ነውና ኑ» ይላል። መለያየቱ እውነት ነው፤ ቀኑና ቦታው ግን ለካሜራ ተመርጧል። ይህን ድራማ ብሎ መጣል ይከብዳል፤ እንዳለ መዋጥም እንዲሁ።

ወደ ሒሳቡ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውና ሁለት የቺካጎ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ልጆችን ለአምስት ዓመት ያህል የተከተለው «ሁፕ ድሪምስ» ከ250 ሰዓት በላይ ቀረፃ ነበረው፤ ተመልካች ያየው 170 ደቂቃ ገደማ ነው። ከ88 ደቂቃ አንዷ ማለት ነው። ይህ ደግሞ ጊዜ የተትረፈረፈለት ፊልም ነው። የተለመደውን እንውሰድ፦ ፊልሙ 90 ደቂቃ፣ የሚከተላቸው ልጆች አምስት፣ የትምህርት ዘመኑ አሥር ወር ይሁን። ለአንድ ልጅ 18 ደቂቃ፣ ለአንድ ወር 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ይደርሰዋል። አንድን ወር በዚህ ጊዜ ተናገር የተባለ ኤዲተር ጠቡን፣ ጨዋታውን ወይም ለቅሶውን ይመርጣል። ተመልካቹም የልጁ ዓመት ከጠብ ወደ ጨዋታ፣ ከጨዋታ ወደ ለቅሶ የሚዘል ይመስለዋል።

የመጨረሻው ዓመት ግን በዋናነት መጠበቅ ነው። እነዚህ ፊልሞች በብዛት የሚሠሩባትን አሜሪካን እንይ። ቀድመው ለሚያመለክቱ ተማሪዎች የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ማብቂያ ቀን ኖቬምበር 1 ነው፤ ለተቀሩት ጃንዋሪ 1 አካባቢ። መልሱ በአብዛኛው የሚመጣው በማርች መጨረሻ ሲሆን፣ ተማሪው የመረጠውን የሚያሳውቅበት የተለመደ ቀን ሜይ 1 ነው። ማመልከቻውን በጃንዋሪ ያስገባ ልጅ ሦስት ወር ያህል ምንም የሚያደርገው የለም፤ ይጠብቃል፣ ትምህርት ይሰለቸዋል፣ ውጤቱ ይወርዳል። ይህን ሁሉም መምህር ያውቀዋል፤ በፊልም ግን የለም ማለት ይቻላል። ክረምቱ በሁለት የበረዶ ሾትና በአንድ ዘፈን ያልፍና «ፕሮም» የሚባለው የዳንስ ምሽት ይመጣል።

አለመታየቱ ከክፋት አይደለም፤ መጠበቅ ምስል የለውም። ማጥናትም የለውም። ለሦስት ሰዓት መጽሐፍ ላይ ያጎነበሰ ልጅ በኤዲቲንግ አራት ሰከንድ ይሆናል፤ አምስተኛዋ ሰከንድ ላይ ተመልካች ስልኩን ያነሳል። የትምህርት ክፍያ እርዳታ ቅጽ የሚሞላ ቤተሰብም ስክሪን ላይ የባንክ ሒሳብና የገቢ ቁጥር ስላለ ወይ ይደበዝዛል ወይ ይቆረጣል። ከትምህርት በኋላ ተቀጥሮ የሚሠራ ተማሪ ደግሞ በሥራ ቦታው ለመቀረፅ የአሠሪው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አሠሪው እምቢ ካለ የልጁ ግማሽ ሕይወት ከፊልሙ ይወጣል፤ ተመልካችም «ይህ ልጅ ለምን ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል?» ብሎ ሰነፍ ያደርገዋል።

የፈቃድ ነገር ከተነሳ ከሁሉም ብዙ የሚያዛባው እሱ ነው። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ ይፈርማል፤ ትምህርት ቤቱም ለብቻው ይፈቅዳል። አብዛኛው ተማሪ 18 የሚሞላው በዚሁ በመጨረሻው ዓመት ስለሆነ ጠንቃቃ ፕሮዲዩሰር ልደቱ ሲያልፍ ልጁን ራሱን እንደገና ያስፈርማል። በአሜሪካ ሕግ የትምህርት መዝገብ ላይ ያለው መብትም ከወላጅ ወደ ተማሪው የሚዞረው በዚሁ ዕድሜ ነው፤ በሴፕቴምበር በእናትየው ፊርማ የታየው የውጤት ወረቀት በማርች የልጁን ፊርማ ይጠይቃል። ልጁ እምቢ ካለ ታሪኩ መሀል ላይ ይቀደዳል፤ ኤዲተሩም ያንን ቀዳዳ በሌላ ነገር ይደፍነዋል።

በጣም የሚያስቸግረው ግን የጓደኛ ፊርማ ነው። ዋናዋ ልጅ ፈቅዳለች እንበል፤ ሁልጊዜ አብራት የምትሄደው ጓደኛዋ ግን ወላጆቿ አልፈረሙም። ኤዲተሩ ጓደኛዋ ያለችበትን ሾት ሁሉ ያወጣል፤ ፊት ማደብዘዝ አንድ ሁለቴ ያስኬዳል እንጂ ለሙሉ ፊልም አይሆንም። የሚቀረው ልጅቷ በኮሪደር ለብቻዋ ስትራመድ፣ ጠረጴዛ ጥግ ለብቻዋ ስትበላ፣ መስኮት ስታይ ነው። ከሥሩ ቀስ ያለ ፒያኖ ሲገባበት «ብቸኛዋ ልጅ» ተወለደች። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልተወነም። አንድ ቅጽ አልተፈረመም፤ አለቀ።

የልጆቹ መረጣም እንዲሁ ካሜራ ሳይከፈት ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «አሜሪካን ቲን» በኢንዲያና ግዛት ዋርሶ በምትባል ከተማ አምስት ተማሪዎችን ተከትሏል። ማስታወቂያው አምስቱን እንደ ስፖርተኛው፣ እንደ ንግሥቲቱ፣ እንደ አፈንጋጯ አድርጎ ያቀረበ ሲሆን፣ ፖስተሩም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዝነኛ የነበረ የልብ ወለድ ፊልም ፖስተር አቀማመጥን ሆን ብሎ የኮረጀ ነበር። ልጆቹ እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ የተቀመጡበት ወንበር ግን ከልብ ወለድ የመጣ ነው። አንድ ልጅ «ስፖርተኛው» ተብሎ ከተመረጠ በኋላ ሒሳብ ሲያስረዳ የተቀረፀው ግማሽ ሰዓት የት ይግባ? የትም አይገባም።

አሁን ወደ ካላንደሩ። በቀረፃ ቅደም ተከተልና በፊልሙ ቅደም ተከተል መካከል ያለው ልዩነት ቤት ተቀምጦ ሊታይ የሚችል ነው። ፀጉርን፣ ጥፍርን፣ የስልክ መያዣን ተከታተሉ። ልጅቷ ከጠቡ በፊት በሚታየው ሾት ጥፍሯ ቀይ ሆኖ፣ «በዚያው ማታ» በሚባለው ውስጥ ቀለሙ ግማሹ ረግፎ ከታየ፣ መሀሉ ቢያንስ ጥቂት ቀናት ነው። የቡድን ጨዋታ ከሆነ የውጤት ሰሌዳውን እዩ፤ ተመልካቹ ደንግጦ አፉን የሚይዝበት ሾት ብዙ ጊዜ ከሌላ የጨዋታው ሩብ፣ አንዳንዴም ከሌላ ጨዋታ የመጣ ነው።

የስልክ ጥሪ በሁለቱም ወገን ሲታይ ቆም በሉ። ይህ የሚሆነው ሁለት የቀረፃ ቡድን በአንድ ሰዓት ሁለት ቤት ሲገኝ ነው፤ ያም ጥሪው ቀድሞ ታውቋል ማለት ነው። አለዚያ አንዱ ወገን በኋላ ተደግሟል። የጽሑፍ መልእክት ደግሞ ከሁሉም ይቀላል፦ የስክሪኑ ቅርብ ሾት በማንኛውም ቀን ይነሳል፤ የልጁ የተከፋ ፊት ከሰለቸው የታሪክ ክፍለ ጊዜ ይወሰዳል፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ በመልእክት የተሰበረ ልብ ይሆናሉ። ሰው ወደ ክፍል ሲገባ ካሜራው ቀድሞ ውስጥ ቆሞ ከጠበቀው፣ ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንዲገባ ተነግሮታል ወይም ሁለተኛ ጊዜ ገብቷል። ይህኛው እንኳን ጥቃቅን ኃጢአት ነው፤ ሁላችንም እናልፈዋለን።

ማለፍ የማይገባው የተሰፋ ንግግር ነው። ልጅቷ በቃለ መጠይቅ «እናቴን እጠላታለሁ ማለት አልችልም፤ ብቻ ስትጮህ ከቤት መውጣት ያምረኛል» ትላለች። ከመሀሉ አራት ቃል ሲወጣ «እናቴን እጠላታለሁ፤ ከቤት መውጣት ያምረኛል» ይሆናል። ስፌቱ እንዳይታይ ምስሉ ወደ ቤቱ ግቢ ወይም ወደ ልጅቷ ማጅራት ይዞራል። ስለዚህ ከባድ ቃል ሲነገር ከንፈር ካልታየ ጠርጥሩ። ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ ካላችሁ ደግሞ የክፍሉን ድምፅ ስሙ፦ የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ በዓረፍተ ነገር መሀል ቀጥ ካለ ወይም ትንፋሽ ሳይወሰድ ሁለት ሐረግ ከተገናኘ ተቆርጧል። ጥሩ ኤዲተር ለብቻው የተቀዳ የክፍሉን ጸጥታ ከንግግሩ ሥር ስለሚያነጥፍበት ሁልጊዜ አይያዝም።

ሙዚቃም አለ። መኪና ውስጥ አራት ልጆች የሚወዱትን ዘፈን ከፍተው ይጮኻሉ፤ የዚያ ዘፈን መብት ካልተገዛ ትዕይንቱ አይወጣም፤ ቢወጣም ንግግሩ ከዘፈኑ ሊለይ ስለማይችል ድምፁ ጠፍቶ በሌላ ሙዚቃ ይሸፈናል። በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ ፊልሞች ውስጥ ወጣቶቹ ራሳቸው የሚሰሙትን ሙዚቃ አንሰማም፤ የምንሰማው ስለእነሱ እንዲሰማን የተፈለገውን ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ፊልሞቹ አይረቡም ማለታችን አይደለም። አንዳንድ ነገር ከማንኛውም ልብ ወለድ በተሻለ ይይዛሉ፤ በተለይ ወላጅ ስለ ክፍያ ሲያወራ ድምፁን የሚቀንስበትን መንገድ። የዩኒቨርሲቲ መልስ የሚከፈትበት ትዕይንትም ከተጠረጠረው በላይ ንጹሕ ነው፤ ብዙ ተቋማት ውጤት የሚለቁት ቀድሞ በተነገረ ቀንና ሰዓት ስለሆነ ቀራጩ ሳያስደግም መድረስ ይችላል። ከዚህ ውስጥ የሚጠፋው ቦታ ከተገኘ ትገባለህ ተብሎ «ተጠባባቂ» የተደረገው ልጅ ነው። የእሱ መልስ ከምረቃው በኋላ እስካለው የእረፍት ጊዜ ሊጓተት ይችላል፤ ቀረፃው ግን በምረቃው ቆብ ውርወራ ያበቃል።

ከካላንደሩ ችግር በሌላ መንገድ ያመለጡም አሉ። አሜሪካዊው ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ፍሬድሪክ ዋይዝማን እ.ኤ.አ. በ1968 በፊላደልፊያ ኖርዝኢስት ትምህርት ቤት የሠራው «ሃይስኩል» 75 ደቂቃ ሲሆን ተራኪ የለውም፣ ቃለ መጠይቅ የለውም፣ የምንከተለው ዋና ልጅም የለውም። ዓመት እነግራችኋለሁ ስላላለ ዓመት አልዋሸም። የሚያበቃውም በምረቃ አይደለም፤ ርዕሰ መምህርቷ ወደ ቬትናም ከዘመተ የቀድሞ ተማሪ የመጣ ደብዳቤ ለመምህራን ታነባለች፣ ደብዳቤውንም ለትምህርት ቤቱ ስኬት ማስረጃ አድርጋ ታቀርባለች። ዋይዝማን አንድ ቃል አይጨምርም፤ ፍርዱ ግን በቦታ ምርጫው ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በሌላ በኩል የኢንዲያናዋን ማንሲ ከተማ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ያሳየው «ሰቨንቲን» መጠጡን፣ ስድቡንና የጥቁርና የነጭ ተማሪዎችን ፍቅር እንዳለ ስለተወ ከተሠራለት የፒቢኤስ (የአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን) ተከታታይ ፕሮግራም ተለይቶ ሳይተላለፍ ቀርቷል። ስለዚህ «እውነቱን አላሳዩንም» ከማለት በፊት ያሳየው የት እንደደረሰ መጠየቅም ተገቢ ነው።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለን ጥያቄ ይህ ነው። ስለ እንዲህ ዓይነት ፊልም ስትጽፉ ልጆቹ «ተውነዋል ወይስ አልተወኑም» የሚለውን ለአንባቢ ተዉትና ፊልም ሠሪዎቹን አራት ነገር ጠይቁልን፦ በትምህርት ዘመኑ ውስጥ ስንት ቀን ቀረፃችሁ? ከጀመራችኋቸው ልጆች ስንቱ ወጡ፣ ለምን? ከጊዜ ቅደም ተከተሉ የተዛወረ ትዕይንት አለ ወይ? ልጆቹ ፊልሙን ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት አይተውታል ወይ፣ ካዩስ ምን ተቀየረ? መልሱን ከፊልሙ ርዝመትና ከዳይሬክተሩ ስም ጎን በሁለት መስመር ብታትሙት ይበቃናል። የቀረፃ ቀናትን ቁጥር ከመናገር የሚሸሽ ዳይሬክተር ካጋጠማችሁም፣ መሸሹን ጻፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ የሆኑ የፊልም ኤዲተሮች