እንቁራሪቶቹ አይዘሉም

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

ባለፈው እሁድ በስልክ «እንቁራሪት እሰበስባለሁ» ስልሽ ዝም ያልሽው ነገር እስካሁን ያስቀኛል። ከዚያ ለእህቴ ደውለሽ «ልጁን ምን ነካብኝ፣ ጸበል ይሂድ እንዴ» ማለትሽንም ሰምቻለሁ። እሷ ሆዷ ወሬ አይይዝም፣ ታውቂያት የለ። ጥፋቱ ግን የኔ ነው፣ በደንብ አላስረዳሁሽም። መነጽርሽን አድርጊና አንብቢ።

የኔዎቹ እንቁራሪቶች አበባ ማቆሚያ ናቸው። ፈረንጆቹ ስሙን እንቁራሪት አሉት፣ እኔም እንዳለ ተርጉሜ አስደነገጥኩሽ። ግማሽ ብርቱካን የሚያክል ወፍራም ብርጭቆ አስቢ። አንዳንዱ ሴራሚክ ነው። ላዩ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። አፉ ሰፊ የሆነ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ፣ ውሃ ትጨምሪበታለሽ፣ አበባውን በየቀዳዳው ትሰኪያለሽ። ቀጥ ብሎ ይቆማል። በቃ ይኸው ነው።

የመጀመሪያውን የገዛሁት የእርሳስ ማስቀመጫ መስሎኝ ነው፣ በሁለት ዶላር። ወደ ብር እንዳትመነዝሪው። አንድ ዓመት ሙሉ እስክሪብቶ ስሰካበት ቆየሁና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አይታ ሳቀችብኝ። እሷ ናት ምን እንደሆነ የነገረችኝ። አሁን ሠላሳ አንድ ደርሰዋል።

የሚገርምሽ ደግሞ ያለሁበት ኦሃዮ የነዚህ ነገሮች አገር ሆኖ ተገኘ። ከኮሎምበስ ወደ ምሥራቅ ስትሄጂ ድሮ የተፈጥሮ ጋዙ በሽ ስለነበር ምድጃ የሚያነድ ሁሉ ፋብሪካውን እዚያ ተከለ። ዜንስቪል ላይ ዌለርና ሮዝቪል የሚባሉት ሴራሚክ ይሠሩ ነበር፣ ኒውአርክ ላይ ሃይዚ ብርጭቆ ይሠራ ነበር፣ ካምብሪጅ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ በስሟ የሚጠራው የብርጭቆ ፋብሪካ ነበር። ሁሉም ተራ በተራ ተዘጉ። ዌለር በ1948፣ ሮዝቪል በ1954፣ ሃይዚ በ1957፣ ካምብሪጅ አንዴ ተዘግቶ እንደገና ተከፍቶ በ1958 ለይቶለት (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው፣ ስምንት እየቀነስሽ አትልፊ)። በ1954 ደግሞ እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ ውሃ የሚመጥ አረንጓዴ ስፖንጅ ተፈለሰፈ። ሠርግ ቤት አበባ የሚሰኩበት፣ አንዴ እጅሽ ላይ ፍርፍር ያለብሽ፣ እሱ ነው። ለአበባ ሻጩ ቀለለው፣ ርካሽም ነው፣ እንቁራሪቶቹ ጓዳ ገቡ። አሁን ስፖንጁ አይበሰብስም፣ ፕላስቲክ ነው እየተባለ ስለሚወቀስ የድሮዎቹ እንደገና ተፈላጊ ሆነዋል። ዋጋቸውም አብሮ ወጣ፣ ይሄ ለኔ ደስ የሚል ዜና አይደለም።

የካምብሪጆቹ ልዩ ናቸው። ቀዳዳው መሐል ላይ የሴት ምስል ይቆምበታል፣ አበባው ዙሪያዋን ይሰካል። አንዷ አለችኝ፣ ፈዘዝ ያለች አረንጓዴ። ጨርቅ ጣል አድርጋለች እንጂ ለብሳለች አይባልም፣ ስለዚህ አንቺ ጋ አልልካትም፣ ከሥዕለ አድኅኖው አጠገብ ብታስቀምጫት ጉዴ ፈላ።

«የሙት ዕቃ ቤትህ አታስገባ» ያልሽውን ደግሞ አስቤበታለሁ። እውነትሽን ነው፣ አብዛኛው የሚገኘው ባለቤቱ ሲሞት ቤቱ ተከፍቶ ዕቃው በሚሸጥበት ቦታ ነው። መጀመሪያ እኔም ቀፈፈኝ። የሰው ሲኒ፣ የሰው ፎቶ፣ ማንም ገብቶ ያገላብጠዋል። ግን እማ፣ እኔ ባልወስደው ቆሻሻ ገንዳ ነው የሚገባው።

ቤት አምጥቼ አቼቶ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ውሃ የቆየበት ብርጭቆ ነጭ ነገር ይይዛል፣ የማንቆርቆሪያሽ ታች እንደሚይዘው። በነጋታው ቀዳዳውን አንድ በአንድ በጡጦ ብሩሽ እፈገፍጋለሁ። ነጩ ካለቀቀ ብርጭቆው ራሱ ተበልቷል ማለት ነው፣ ምንም አታደርጊውም። ስገዛ ደግሞ ጥፍሬን በየቀዳዳው ጠርዝ ላይ አዞራለሁ። ዓይን የማያየውን ሽራፊ ጥፍር ያገኘዋል። ይሄን የተማርኩት ተሸውጄ ነው። አንዱ በማጣበቂያ የተገጠመ ሮዝ ሸጦልኝ አቼቶው ውስጥ ለሁለት ተከፈለ።

ብር አባከንክ ከማለትሽ በፊት ግን ያንቺን ቡፌ አስታውሽ። ጠርዛቸው ወርቅማ የሆኑት ሲኒዎች ለየትኛው እንግዳ ነው እስካሁን ተቆልፎባቸው ያሉት? ከማን ወረስኩት እንግዲህ? አንድ ነገር ላስቸግርሽ፦ ገልብጪና ታቹን እይልኝ። እኔ ጋ ወፍ የሚመስሉ የሴራሚክ እንቁራሪቶች አሉ፣ ከጃፓን ወደ አሜሪካ የመጡ፣ ዕድሜያቸው ከታች ከተጻፈው ይታወቃል። «ኒፖን» ካለ ብዙውን ጊዜ ከ1921 በፊት ነው፣ ከዚያ ወዲህ «ጃፓን» ሆነ፣ «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚለው ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖቹ እዚያ በነበሩበት ጊዜ፣ እስከ 1952 ድረስ ነው። ያንቺዎቹ ላይ ምን እንዳለ ጓጉቻለሁ። እህቴ ፎቶ ታንሳልኝ፣ አንቺ ወንበር ላይ እንዳትወጪ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዓምና በእንቁጣጣሽ በቪዲዮ እያወራን ልጆቹ የሰጡሽን አደይ አበባ ውሃ መጠጫ ውስጥ አድርገሽው ነበር። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ተጋደመ። ልታቃኚው ስትሞክሪ እጅሽ ተንቀጠቀጠና ብርጭቆው ተገለበጠ፣ ዳቦው ራሰ። ሳቅሽበት። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እጅሽን እያሰብኩ ቆየሁ። ይህን ያህል መንቀጥቀጡን አልነገርሽኝም።

ስለዚህ አንዱን ልኬልሻለሁ። ነጭ ነው፣ ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ ብትገፊውም አይገለበጥም። አሥራ አንድ ቀዳዳ አለው። በዚያች ዝርግ የሰላጣ ሳህን መሐል አስቀምጪው፣ ረጃጅሙን መሐል ላይ፣ አጫጭሩን ዳር ዳር ስኪው። የአደይ ግንድ ቀጭን ስለሆነ በአንድ ቀዳዳ ሦስት አራት ይገባልሻል። ቡፌ ውስጥ እንዳትቆልፊበት ብቻ፣ አደራ!

የሚያመጣልሽ ልጅ በጳጉሜን ይገባል፣ ይደውልልሻል። እንዳይሰበር በስድስት ጥንድ ካልሲ ጠቅልዬዋለሁ። ካልሲዎቹ የአባዬ ናቸው።